ድራሙን የት እናስቀምጠው?

በሰሜን ለንደን፣ በሆሎዌይ ጎዳና ቁጥር 304፣ ከአንድ የቆዳ ዕቃ ሱቅ በላይ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ በ1964 አንድ የሙዚቃ ቡድን የእንጨት ደረጃ ላይ ቆሞ ደረጃውን በእግሩ ይደበድብ ነበር። ማይክሮፎኖቹ የታሰሩት በደረጃው መደገፊያ ላይ ነው። ማሰሪያው ደግሞ ብስክሌት ነጂዎች የሱሪያቸው ጫፍ በሰንሰለት እንዳይያዝ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የሚያደርጉት መቆንጠጫ ነበር። ቡድኑ ሃኒኮምስ ይባላል። ድራም የምትጫወተው ሃኒ ላንትሪ የምትባል ወጣት ነበረች፤ በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት ባንድ ውስጥ ሴት ድራመር ማየት ብርቅ ነው። ቤቱን ተከራይቶ ስቱዲዮ ያደረገው ጆ ሚክ ግን የእርሷ ምት ብቻውን አልበቃውምና ደረጃውንም ድራም አደረገው። «ሃቭ አይ ዘ ራይት» የተባለው ያ ዘፈን በዚያው ዓመት በብሪታኒያ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ለቤት ስቱዲዮ የተነገረ ይመስላል። ጊታር በገመድ በቀጥታ ከመቅጃው ጋር ይገናኛል። ቤዝ ጊታርም እንዲሁ። ዘፋኙን ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን ፊት ማቆም ይቻላል፤ ልብሱ የክፍሉን ጩኸት ይመጥጥለታል። ድራም ግን ሰፈሩን ሁሉ ያስጠራል። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ኪኩ፣ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ሲምባሉ ለዘፋኙ በተተከለው ማይክ ውስጥ ሳይጠራ ይገባል፣ ጩኸታሙ ትንሽ ከበሮ፣ ስኔሩ፣ ከዝቅተኛ ኮርኒስ ጋር ተላትሞ ጆሮ ላይ ይመለሳል።

ማይክ በማብዛት ይፈታ እንዳይባል፣ ማይክ ማብዛት የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ምት ለቅርቡ ማይክ ቀድሞ፣ ለሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ በሚክሲንግ ጊዜ ሲገናኙ የአንዱ ሞገድ በሚወጣበት ቅጽበት የሌላው የሚወርድ ከሆነ ይጠፋፋሉ፤ ደረት የሚመታው ድምፅ ባዶ ጣሳ ይሆናል። እንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ ግሊን ጆንስ በ1960ዎቹ ማብቂያ የታወቀበት ዘዴ ለዚህ ነው የቤት ቀጂዎች ሃይማኖት የሆነው። አንድ ማይክ ከድራሙ በላይ፣ አንድ ደግሞ ወለል ላይ በሚቆመው ከበሮ (ፍሎር ቶም) በኩል ይተከላል፤ ሁለቱም ከስኔሩ እኩል ይርቃሉ። ዛሬም የማይክ ገመድ ይዞ ከስኔር እስከ ማይክ ርቀት የሚለካ ወጣት በየምድር ቤቱ ይገኛል።

ስለ ቤት ስቱዲዮ የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዕቃ ታሪክ ነው፤ ማሽኑ አነሰ፣ ዋጋው ወረደ፣ ሁሉም ቀጂ ሆነ። ሐሰት አይደለም። ድራመሩ የት እንደተቀመጠ እየጠየቀ የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ አዝናኝ መንገድ ያገኛል።

የመጀመሪያው መልስ ድራመሩን ጭራሽ አለመጥራት ነበር። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል በ1940ዎቹ ሆሊውድ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ መቅጃ ተከለ። በ1948 የወጣው «ላቨር» ስምንት ጊታር ይሰማበታል፤ ተጫዋቹ ግን አንድ ነው። አንዱን ጊታር ሸክላ ላይ ይቀዳል፤ ያንን እያጫወተ ሌላ ጊታር ይደርብበትና ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ሌላ ሸክላ ያስተላልፋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በዓመቱ ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ የአምፔክስ ቴፕ መቅጃ ሰጠው፤ ሌስ ፖል ደግሞ ተጨማሪ ሄድ (ክሩን የሚያነበውን የማሽኑን ክፍል) አስገጠመለትና በአንድ ማሽን መደረብ ቻለ። ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር የሠሩት «ሃው ሃይ ዘ ሙን» በ1951 በአሜሪካ ለዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ ሸክሙን የያዙት የእርሱ ጊታርና የእርሷ ድምፅ ነበሩ።

ይህ አሠራር ምሕረት አያውቅም። አዲሱ ድርብ ሲገባ የቀድሞው ይጠፋል፤ ሰባተኛው ላይ የተሳሳተ ሰው ከአንድ ይጀምራል። በዚያ ላይ መጀመሪያ የተቀዳው ድምፅ በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ባንድ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ድራም ነው፤ ስለዚህ በዚህ ዘዴ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እርሱ ነው። አምፔክስ በ1957 ለሌስ ፖል ስምንት ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ መስመር) ያለው ማሽን ሠርቶ አስረከበው። «ኦክቶፐስ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ሌላው ዓለም ግን ስምንት ትራክ እስኪለምድ ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር።

ጆ ሚክ በበኩሉ ድራመሩንም ጊታሪስቱንም ጠርቶ ቤቱን አከፋፈላቸው። ዘፋኝ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ምክንያቱም የሸክላ ንጣፉ ድምፁን ያስተጋባለታል፤ ቫዮሊኖች ደረጃው ላይ ይሰለፋሉ፤ ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል። በ1962 ለቶርኔዶስ ቡድን የሠራው «ቴልስታር» በአሜሪካ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የብሪታኒያ ቡድን ሥራ ሆነ። ከቆዳ ሱቅ በላይ! ትልልቆቹ ኩባንያዎች ነጭ ጋዋን የለበሱ ባለሙያዎች በሚመላለሱበት አዳራሽ የሚሠሩትን እርሱ በተከራየው ቤት ሠራው። አከራዩ ታች ሆና በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ስትደበድብ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረጃው አዙሮ ይከፍተው ነበር ይባላል። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢወራም መጨረሻው አያስቅም። ዕዳና የአእምሮ ሕመም የተደራረቡበት ሚክ የካቲት 3 ቀን 1967 አከራዩን በጥይት ገድሎ ራሱንም አጠፋ።

በዚያው ዓመት በጋ፣ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ድራመር የሌለው ባንድ ምን እንደሚመስል ታየ። ቦብ ዲላን በኒው ዮርክ ግዛት ዌስት ሶገርቲስ በሚገኝ ሮዝ ቀለም በተቀባ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በኋላ «ዘ ባንድ» ከተባሉት ጓደኞቹ ጋር ይሰበሰብ ነበር። መቅጃውን የሚቆጣጠረው ኦርጋን ተጫዋቹ ጋርዝ ሃድሰን ነው። የስሚንቶ ወለል፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ጥጉ ላይ የቆመ የብረት ማሞቂያ፤ የድምፅ ባለሙያ የሚሸሸው ዓይነት ክፍል። የቡድኑ ድራመር ሌቮን ሄልም ግን ቀደም ብሎ ትቷቸው ሄዷል፤ የተመለሰው በዓመቱ መገባደጃ ነው። ድራሙን እንደ ነገሩ እየተቀያየሩ ይነካኩታል፤ በብዙው ቅጂ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ድራም ከሌለ ጊታር መጮህ አያስፈልገውም፤ ጊታር ካልጮኸ ዘፋኙ ሳይታገል ይሰማል። እነዚያ ቅጂዎች ላይ ያለው የጨዋታ፣ የሳሎን ወግ የሚመስል ለዛ ከዚህ የመጣ ነው። በ2014 ሲታተሙ ከ130 በላይ ሆነው በ6 ሲዲ ወጡ። በክፉ ክፍል ውስጥ ጥሩ ድምፅ የተገኘው ድራመሩ ስለቀረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሄልምን የሚወዱ ይቅርታ ያድርጉልን።

ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ መፍረስ ጋር ሲታገል፣ በ1969 መጨረሻ ለንደን ወዳለው ቤቱ አራት ትራክ ያለው ስቱደር ማሽን አስገባ። ሚክሰር የለም፤ የድምፅ መጠን የሚያሳየው መርፌም የለም። ማይኩን በቀጥታ ማሽኑ ጀርባ ላይ ይሰካል፣ ይቀዳል፣ መልሶ ያዳምጣል፣ ከጮኸ ማይኩን ወደ ኋላ ያርቃል። ማሽኑን ለመሞከር መጀመሪያ የቀዳው «ዘ ላቭሊ ሊንዳ» የተባለች አጭር ዘፈን ነበረች፤ እዚያ ላይ እንደ ድራም የምትሰማው በእጁ የመታት መጽሐፍ ናት። የዓለም እጅግ ዝነኛ ባንድ አባል፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲደበድብ! በሌሎቹ ዘፈኖች ድራሙንም ራሱ ተጫወተው። «ማካርትኒ» የተባለው አልበም ሚያዝያ 1970 ሲወጣ አንዳንዱ ተቺ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው አለ። ዛሬ የመኝታ ቤት ቀጂዎች ሁሉ አያት አድርገው የሚጠሩት እርሱን ነው።

ቤት ግን ድራምን የሚያሳንስ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ቤት ከሆነ ያገዝፈዋል። በእንግሊዝ ሃምፕሻየር ውስጥ ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለድሆች መጠለያነት የተሠራ ሕንፃ አለ። ሌድ ዘፔሊን አራተኛ አልበማቸውን ሲሠሩ ወደዚያ ገቡ፤ መቅጃውን የያዘው የሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ፣ ማለትም አንድ ትልቅ መኪና፣ ደጅ ቆመ። የጆን ቦናም ድራም መግቢያው አዳራሽ ላይ፣ ከሦስት ፎቅ ደረጃ ሥር ተተከለ። የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጆንስ፣ የግሊን ታናሽ ወንድም፣ አጠገቡ ማይክ አልደረደረም። ሁለት የባየርዳይናሚክ ማይኮችን ከላይ ከደረጃው አንጠልጥሎ ወደ ታች እንዲያዳምጡ አደረገ፤ ከዚያ ድምፁን አጥብቆ አመቀው፣ ቢንሰን በተባለ የኢኮ ማሽንም አሳለፈው። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ሲጀምር የሚሰማው ያ የተራራ መደርመስ የሚመስል ምት የተሠራው እንዲህ ነው። ማይኩ ከምንጩ ሲርቅ የሚቀዳው ድራሙን ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ደረጃው፣ ግድግዳው፣ የኮርኒሱ ከፍታ ሁሉ ይቀዳል። ጆ ሚክ ደረጃውን ያስመታው፣ ጆንስ ደረጃውን ያስጮኸው ሰባት ዓመት ገደማ ተራርቀው ነው።

ሁሉም ሰው ግን የድሆች መጠለያ ሕንፃና ስቱዲዮ የጫነ መኪና አይኖረውም። የቦስተን ባንድ መሥራች ቶም ሾልዝ የነበረው ደመወዝ ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፖላሮይድ ኩባንያ በምሕንድስና ተቀጥሮ እየሠራ፣ ያገኘውን ገንዘብ ዋተርታውን ከተማ በተከራየው ቤት ምድር ቤት ላይ አፈሰሰው። የማሳያ ቅጂዎቹን ከድራመሩ ከጂም ማስዲያ ጋር ሆኖ ሠራ፤ የቀረውን መሣሪያ አብዛኛውን ራሱ እየደራረበ ነው የተጫወተው። ኤፒክ ኩባንያ ቅጂውን ወደደው፤ ነገር ግን በደንበኛ ስቱዲዮ እንደገና ይሠራ አለ። ከዚያ የተደረገው ተንኮል በሮክ ታሪክ ውስጥ እስካሁን ያስቃል። ፕሮዲዩሰሩ ጆን ቦይላን የቀሩትን የባንዱን አባላት ይዞ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ገባ፤ ኩባንያው ሥራው እዚያ እየተካሄደ ነው ብሎ አረፈ፤ ሾልዝ ደግሞ በምድር ቤቱ ተቀምጦ አልበሙን ይሠራል። ሎስ አንጀለስ ላይ የተሠራ አንድ ዘፈን መጨረሻ ላይ ገባ። «ቦስተን» የተባለው አልበም ነሐሴ 1976 ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ 17 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል ተብሎ ተመስክሮለታል። ማስዲያ ግን በአልበሙ ላይ የቀረው በአንድ ዘፈን ነው፤ ሌሎቹን ሲብ ሃሺያን ተጫወታቸው። የቤት ሥራው ሲያድግ ከቤት የወጣው ድራመሩ ነው።

በ1979 ቲያክ ኩባንያ ፖርታስቱዲዮ 144ን ሲያወጣ ዋጋው 1,200 ዶላር ገደማ ነበር። ካሴት ያየ ሰው ብልሃቱ ወዲያው ይገባዋል። ተራ ካሴት በአንዱ ፊት ሁለት፣ በሌላው ፊት ሁለት መስመር ይይዛል። ፖርታስቱዲዮ አራቱንም መስመር በአንድ አቅጣጫ ይጠቀምባቸዋል፤ ጥራቱ እንዲሻልም ክሩን በእጥፍ ፍጥነት ይነዳዋል። ስለዚህ የ60 ደቂቃ ካሴት የሚቀዳው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ፊቱን ማዞርም የለም። አራት ትራክ ያልበቃው ሰው ሦስቱን ሞልቶ በአራተኛው ላይ ያጠቃልላቸዋል፤ ሦስቱ ተለቀቁ ማለት ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ድራሙና ቤዙ አንዴ ከተጠቃለሉ በኋላ «ድራሙ ትንሽ ከፍ ይበል» ማለት አይቻልም። የክሩ ሽሽታም በእያንዳንዱ ዝውውር ይጨምራል። በስልክ መቶ ትራክ የሚከፍት የዛሬ ልጅ ይህን ሲሰማ እንደ ገድል ያደምጠዋል፤ ያኔ ግን ሚክሲንግ የሚጀምረው ገና ሲቀዳ ነበር።

ከዚህ ማሽን የወጣው ዝነኛ ሥራ ድራም የሌለው መሆኑ አይገርምም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጥር 1982 ላይ ኒው ጀርሲ፣ ኮልትስ ኔክ ውስጥ በተከራየው ቤት፣ በሁለት ሹር ማይክና በአንድ ፖርታስቱዲዮ ዘፈኖቹን ቀዳ። ዓላማው ለባንዱ ማሳያ ማዘጋጀት ነበር። ሚክሱን በኢኮ ማሽን አሳልፎ በፓናሶኒክ ቴፕ ላይ አወረደና ካሴቱን ያለ ሽፋን በኪሱ ይዞት ይዞር ጀመር። ከዚያ ባንዱ ኒው ዮርክ ትልቅ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኖቹን ሞከረ። ብዙዎቹ አልሆኑም፤ ድምፃቸው ሲሞላ ብቸኝነታቸው ጠፋ። «ነብራስካ» የተባለው አልበም ከዚያው ከኪስ ካሴት ተወስዶ መስከረም 1982 ታተመ። ይሁንና በዚያው የጥር ቅጂ ውስጥ በጊታር ብቻ የተዘፈነ ሌላ ዘፈን ነበር፤ የባንዱ ድራመር ማክስ ዋይንበርግ ትልቁ ስቱዲዮ ውስጥ ስኔሩን ሲመታበት ነው ነፍስ የዘራው። «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» ይባላል። ከአንድ ካሴት የወጡ ዘፈኖች በድራም ምክንያት ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ስታዲየም ገባ፣ ሌሎቹ መኝታ ቤት ቀሩ።

የድራመሩን ወንበር የሚወስድ ማሽንም በዚያው ጊዜ ደረሰ። ሮጀር ሊን በ1980 ያወጣው ኤል.ኤም.-1 የእውነተኛ ድራም ቅጂ በውስጡ የያዘ የመጀመሪያው የድራም ማሽን ነው፤ ዋጋው ግን ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ርካሾቹ ተከተሉ። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ የኃይሉ መርጊያ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ዓመታት ያሳለፈው ይህ ሰው በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘሩን እየደራረበ ብቻውን ካሴት ሠራ። ምቱን የያዘለት ማሽን ነው። ሮክ አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው የቤት ቀጂዎች መንገድ ነው። ሙሉ ባንድ በሌለበት፣ ድራመር የሚቀጠርበት ገንዘብም ቦታም በሌለበት፣ የአዳራሹን ሙዚቃ በአንድ ሰው እጅ መመለስ። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው እንደገና የዓለም መድረክ ላይ የወጣው።

አንዳንዶች ደግሞ ስለ ድራሙ መጨነቁን ጨርሰው ተዉት። በኦሃዮ ዴይተን ከተማ የልጆች አስተማሪ የነበረው ሮበርት ፖላርድ ከጋይድድ ባይ ቮይስስ ጋር በ1994 ያወጣው «ቢ ታውዛንድ» በየምድር ቤቱና በየጋራዡ በአራት ትራክ የተቀዳ ነው፤ ሃያ ዘፈን በ36 ደቂቃ። ድራሙ አንዳንዴ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። አድማጩ ይህንኑ ወደደው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕቃ ታሪክ ፈጣን ነው። አሌሲስ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ኤዳት በተራ የቪዲዮ ካሴት መሰል ክር ላይ ስምንት ዲጂታል ትራክ ይቀዳል፤ ማሽኖቹን ማያያዝም ይቻላል። ስምንት ትራክ ሲገኝ የቤት ቀጂው ለኪክ፣ ለስኔርና ለሲምባል የየራሳቸውን መስመር መስጠት ቻለ። በ1991 የወጣው ፕሮ ቱልስ ደግሞ በአራት ትራክ ጀምሮ ስቱዲዮውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ወሰደው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮርኒሱ አልረዘመም፤ ጎረቤቱም እንቅልፍ አልቀየረም። ስለዚህ ቀጣዩ ንግድ ድራሙን ራሱን ሳይሆን በጥሩ ክፍል የተቀዳ ድምፁን መሸጥ ሆነ። ስዊድን ውስጥ ድራምኪት ፍሮም ሄል የተባለ የድምፅ ስብስብ ሲዘጋጅ፣ ለቅጂው የመታው የሜሹጋ ባንድ ድራመር ቶማስ ሃኬ ነበር። ባንዱ በ2005 «ካች ሰርቲስሪ» የተባለ አልበም ሲያወጣ ድራሙ በሙሉ በዚያ ስብስብ በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ነበር። በፍጥነቱና በውስብስብነቱ የሚደነቀው ድራመር በራሱ አልበም ላይ በማሽን ተተካ፤ ቢያንስ ማሽኑ ድምፁን ከባለቤቱ መውሰዱ አንድ ነገር ነው።

የሚገርመው፣ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር በሚያልቅበት ጊዜ ወደ ጋራዥ የተመለሰው የድራመር ልብ ያለው ሰው ነው። የኒርቫና ድራመር የነበረው ዴቭ ግሮል የፉ ፋይተርስን የመጀመሪያ አልበም በ1995 ሲያወጣ መሣሪያዎቹን ከሞላ ጎደል ብቻውን ነው የተጫወታቸው። በ2010 ግን ባንዱን ይዞ ካሊፎርኒያ፣ ኢንሲኖ ውስጥ ባለው ቤቱ ጋራዥ ገባ፤ ቴይለር ሃውኪንስም ድራሙን መኪና በሚቆምበት ቦታ ዘረጋ። ፕሮዲዩሰሩ ቡች ቪግ ነበር፤ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» የሠራው። ኮምፒዩተር አይገባም ተባለ፤ ቅጂው በቴፕ፣ አርትዖቱም ክሩን በምላጭ እየቆረጡ በመቀጠል። «ዌስቲንግ ላይት» ሚያዝያ 2011 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ሮክ አልበም ሽልማት ወሰደ። መጀመሪያ የታተሙት ሲዲዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ከዋናው የቅጂ ክር ላይ የተቆረጠች ብጣሽ ነበረች። እያንዳንዱ ገዢ አንዳንድ ደረሰው። ብጣሿ ላይ ያለው የሃውኪንስ ስኔር ይሁን የጊታር ጭራ፣ ወይም በሁለት ምት መካከል ያለ ዝምታ፣ የቴፕ ማሽን የሌለው ሰው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።